ያረጀ ሸራ፤ በላሙ ደሴቶች የጀልባ ሸራ ስለሚጠገንበትና ስለሚለወጥበት ሁኔታ

በኢትዮጵያ ደጋ አገር ሸራ የሚለው ቃል ሲነገር በአድማጩ ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው በጭነት መኪና ላይ የሚወጠረው የዝናብ መከላከያ፣ ወይም የወታደር ድንኳን፣ ወይም ተማሪ የሚጫማው ቀላል ጫማ ነው። የቃሉ የባሕር ትርጕም፣ ማለት በመርከብ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ነፋስ የሚቀበለው ጨርቅ፣ ለብዙው ሰው በመጽሐፍ የሚያውቀው እንጂ በዓይኑ ያየው አይደለም። ዐረቦች ይህንኑ የመርከብ ጨርቅ ሽራዕ ስለሚሉት የሁለቱ ቃላት መቀራረብ ግልጽ ነው፤ ዳሩ ግን ቃሉ ወደ ደጋ ሲወጣ ነፋሱን በጠረፍ ትቶ ጨርቁን ብቻ ይዞ የመጣ ይመስላል።

በነፋስ ለሚሄድ ጀልባ ሸራ ማለት ለገበሬ በሬ ማለት ነው። እንደ በሬም ያረጃል፤ ሲያረጅም ባለቤቱን ከከባድ ጥያቄ ላይ ይጥለዋል። ይጠገን ወይስ ይለወጥ? ያለ ጊዜው የተለወጠ ሸራ የአንድ ዓመት ትርፍ ይበላል፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ በጥገና የቈየ ሸራ ደግሞ ነፋስ በበረታበት ሰዓት ከላይ እስከ ታች ይተረተርና ጀልባዋን ከነሰዎቿ ከድንጋያማው ዳርቻ ላይ ሊጥላት ይችላል። ጥያቄው እንግዲህ የመርፌና የክር ብቻ አይደለም። ስለ ገንዘብ፣ ስለ ጕልበት፣ ስለ ወራት አከፋፈልና ሠራተኛ ከባለሀብት ጋር ስላለው ግንኙነት ብዙ የሚያስረዳ በመሆኑ የሕዝቦችን ኑሮ የሚመረምር ሰው ቸል ሊለው አይገባም።

ጕዳዩን በአንድ ሥፍራ ላይ ተመልክቶ ማስረዳት ስለሚሻል በኬንያ ሰሜናዊ ጠረፍ፣ ወደ ሶማሊያ ወሰን ግድም ያሉት የላሙ ደሴቶች ለዚህ ጽሑፍ ተመርጠዋል። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) የላሙ ስም ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ በማርች 2012 የኬንያና የደቡብ ሱዳን ፕሬዚዳንቶች ከኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትር ጋር ሆነው ሦስቱን አገሮች የሚያገናኘውን የወደብና የመንገድ ሥራ የጀመሩት በዚያ ነው፤ የአዲሱ ወደብ የመጀመሪያ ማራገፊያም በሜይ 2021 ሥራ ጀምሯል። የላሙ አሮጌ ከተማ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የነበረች የስዋሂሊ ከተማ ናት። በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብታለች። በጠባብ መንገዶቿ ጭነት የሚያመላልሰው አህያ ነው፤ ከላሙ ወደ ማንዳ ወይም ወደ ፓቴ ደሴት ለመሻገር ግን ያለ ጀልባ አይሆንም። የሆላንዱ የሕዝቦች ጥናት ሊቅ ፕሪንስ የላሙን መርከበኞች ባህል ለብቻው አጥንቶ በ1965 አንድ መጽሐፍ ያሳተመው ያለ ምክንያት አይደለም።

በዚህ ጠረፍ ዓመቱን የሚከፍለው ነፋስ ነው። ከታኅሣሥ ግድም እስከ መጋቢት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰውን ካስካዚ ይሉታል፤ ከዚያ በኋላ ከደቡብ ተነሥቶ እስከ መስከረም የሚዘልቀውና የሚበረታው ኩሲ ነው። በሁለቱ መካከል ነፋሱ የሚዋልልበት ጊዜ ታንጋ ምቢሊ ይባላል፤ ቃል በቃል ሁለት ሸራ ማለት ነው፤ በዚያ ወራት ወደ ሁለቱም አቅጣጫ መጓዝ ይቻላልና። ታንጋ ሸራ ነው፤ ሲበዛ ማታንጋ ይሆናል። ማታንጋ የሚለው ድምፅ በዚያው ቋንቋ ለቅሶ መቀመጥንም ያመለክታል። ይሁን እንጂ ሁለቱን ከአንድ ሥር ለማውጣት የድምፅ መመሳሰል ብቻውን አይበቃም፤ ቃላትን በጆሮ ማዛመድ የሚወዱ ሊቃውንት እዚህ ላይ ቢጠነቀቁ መልካም ነው።

ኩሲ ሲጀምር ዝናቡም አብሮ ይመጣል፤ ባሕሩ ይከብዳል። የረጅም መንገድ ጉዞ በሚቋረጥበት በዚህ ጊዜ ጀልባዎች ወደ አሸዋው ተስበው ይወጣሉ፤ በሳንቃዎቹ መካከል ያለው ክፍተት በጥጥ ይደፈናል፤ እንጨቱም ዘይት ይቀባል። ሸራው የሚዘረጋውና የሚመረመረው በዚሁ ወራት ነው። ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም መርከበኛው ሥራ በሚፈታበት ወራት የሚያጠፋው ጊዜ እንደ ወጪ አይቈጠርም።

ሸራው የሚታሰረው በምሰሶው ላይ በሰያፍ በሚሰቀል ረጅም እንጨት ነው። ይህን እንጨት ፎሮማሊ፣ ምሰሶውን ደግሞ ምሊንጎቲ ይሏቸዋል። የሸራው ቅርጽ ሦስት ማዕዘን ነው፤ በአንዳንዱ ግን የፊተኛው ሹል ጫፍ ተቈርጦ ስለሚሠራ አራተኛ አጭር ጐን ይኖረዋል። ሙሉው ሸራ አንድ ወጥ ጨርቅ አይደለም። ሁለት ስፋት ሸማ ተጋጥሞ ጋቢ እንደሚሆን ሁሉ ብዙ ጠባብ ጨርቆች ጐን ለጐን ተሰፍተው ነው አንድ ሸራ የሚወጣቸው። ዙሪያው ተቀምቅሞ ገመድ ይሰፋበታል። ጨርቆቹ ቀጥ ብለው እንደ ጠረጴዛ ልብስ ቢገጣጠሙ ሸራው ጠፍጣፋ ስለሚሆን አይረባም፤ ስለዚህ ፉንዲ የሚባለው ባለሙያ አንዳንዱን ስፌት ከጫፉ ሰፋ፣ ከመካከሉ ጠበብ እያደረገ ለሸራው ሆድ ይሰጠዋል። ይህ ሆድ የሙያው ሁሉ ምሥጢር ነው። ነፋስ ሸራን ከኋላው ብቻ የሚገፋው የሚመስለው ሰው ይሳሳታል፤ ጀልባዋ ነፋሱን በጐን ተቀብላ ስትሄድ አየሩ በሸራው ሁለት ፊት ላይ እየተንሸራተተ ያልፋል፤ የጐበጠው ጨርቅም እንደ ወፍ ክንፍ ወደ ፊት ይስባታል። ሆዱ በልክ ከሆነና ወደ ፊተኛው ክፍል ከቀረበ ጀልባዋ ትሮጣለች። ጨርቁ ተለጥጦ ሆዱ ከጠለቀና ወደ ኋላ ከሸሸ ግን ነፋሱ ይዟት ያጋድላታል እንጂ አያራምዳትም።

እንግዲህ ሸራ የሚያረጀው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ የሚደክመው ብዙውን ጊዜ ክሩ ነው፤ ስፌቱ ከጨርቁ ፊት ከፍ ብሎ ስለሚታይ ፀሐይም ገመድም ቀድመው የሚያገኙት እሱን ነው። ከዚያ ጨርቁ በሚታሽበት ቦታ፣ በምሰሶውና በገመዶቹ አጠገብ ይሳሳል። ሦስተኛው ቅርጹ ሲጠፋ ነው። ጨርቅ በድሩ ወይም በማጉ አቅጣጫ ሲሳብ ይቋቋማል፤ በሁለቱ መካከል በሰያፍ ሲሳብ ግን ይላላል፤ ይህን ማንም ሰው ነጠላውን በማዕዘኑ ይዞ ቢጐትት ያየዋል። ስለዚህ ባለሙያው ብዙ ጕልበት የሚያርፍበትን የኋላ ጠርዝ በድሩ አቅጣጫ እንዲሆን አድርጎ ይሰፋዋል፤ ቢሆንም ከብዙ ወራት ሥራ በኋላ ሰያፉ መለጠጡ አይቀርም። የመጨረሻውና የከፋው የጨርቁ የራሱ ሞት ነው። የጥጥ ሸራን ፀሐይ ያደርቀዋል፤ ሻጋታ ደግሞ ክሩን ከውስጥ ይበላዋል። የባሕሩ ጨው ከአየር እርጥበት እየሳበ ጨርቁ በደንብ እንዳይደርቅ ያደርጋል፤ ዝናብ የመታው ሸራ ሳይደርቅ ከተጠቀለለ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጥቋቍር ነጠብጣብ ያወጣል። በጥጥ ሸራ የሚሠራ መርከበኛ ከዝናብ በኋላ ጀልባው ቆማም ሳለ ሸራውን ፈትቶ ለፀሐይ የሚሰጠው ለዚህ ነው፤ ያው ፀሐይ ጠላቱ መሆኑን እያወቀ።

ከእነዚህ አራት ዐይነት እርጅናዎች ሦስቱ መድኃኒት አላቸው። ክሩ ብቻ የበሰበሰ እንደሆነ በአሮጌው ስፌት አጠገብ አዲስ ስፌት ይሄድበታል። የታሸው ቦታ ይጣፋል። የተለጠጠው ሸራ የጠርዙ ገመድ ተፈትቶና ጥቂት ስፌት ተከፍቶ እንደገና ይቀረጻል፤ ይህን ለማድረግ ግን እጁ የታመነ ፉንዲ ያስፈልጋል። አራተኛው መድኃኒት የለውም። የምርመራው ሁሉ ዓላማም አራተኛውን ከሦስቱ ለይቶ ማወቅ ነው፤ ዓይን ብቻውን ደግሞ ያሳስታል። ነጭና ንጹሕ ሆኖ የሚታይ ሸራ ሞቶ ሊገኝ ይችላል፤ ጠቍሮ፣ ዝጎ፣ ዘይት ጠጥቶ የሚያስጠላ ሸራ ገና ብዙ ጉዞ ሊያገለግል ይችላል።

ምርመራው ቀላል ነው፤ ልምድ ግን ይፈልጋል። ሸራው ወደ ፀሐይ ተይዞ ሲታይ የሳሱት ቦታዎች እንደ ወንፊት ያበራሉ። በስፌቱ ላይ ጥፍር ሲጐተት የደከመው ክር ይበጠሳል። ዋናው ፈተና የሚደረገው በሁለት እጅ ነው፤ መርማሪው ጨርቁን ከአንድ ጠርዝ አጠገብ በሁለቱም እጁ አጥብቆ ይይዝና ወደ ግራና ቀኝ ይስበዋል። በእጅ ጕልበት የሚቀደድ ጨርቅ ነፋስን አይችልም። ይህ ፈተና በአንድ ቦታ ብቻ ተደርጎ መቅረት የለበትም፤ ሸራው በሁሉም ክፍሉ እኩል አያረጅምና። ጠርዙ አልቆ መካከሉ ጤነኛ ሆኖ ሲገኝ የተለመደ ነገር ነው፤ ይህም ከዚህ በታች እንደሚታየው ትልቅ ጥቅም አለው።

የጨርቁን ሞት ሳይመረምር ለመጣፍ የሚቸኵል ሰው ጕዳት ይጨምራል። በወንጌል ስለ አሮጌ ልብስና ስለ አዲስ እራፊ የተነገረው ምሳሌ በኢትዮጵያ ለሁሉ የታወቀ ነው፤ ትርጓሜው ለመምህራን ይቈይና፣ ምሳሌው የተመሠረተበት የጨርቅ ጠባይ ግን በሸራ ላይ ቃል በቃል የሚታይ ነው። ውኃ ያልነካው አዲስ የጥጥ ጨርቅ ሲርስ ይኰማተራል። በለሰለሰና ኰምትሮ በጨረሰ አሮጌ ሸራ ላይ ከተሰፋ መጀመሪያ ባሕር ሲረጨው ይሰበሰብና ዙሪያውን ያለውን ጨርቅ ወደ ራሱ ይስባል፤ የመርፌው ቀዳዳዎች በተርታ የተደረደሩ ስለሆኑ አሮጌው ጨርቅ ልክ በዚያ መሥመር ይቀደዳል። እራፊው ደኅና ሆኖ ይቀራል፤ በዙሪያው ያለው ይሄዳል። ከዚህም የተነሣ ለአሮጌ ሸራ ጥሩ እራፊ የሚሆነው ሌላ አሮጌ ሸራ ነው፤ ብዙ ጊዜ የረሰ፣ ብዙ ጊዜ የደረቀ፣ ክብደቱና ልስላሴው የሚስማማ፣ ግን ገና ያልሞተ።

ከዚህ ላይ የጥያቄው መልክ ይለወጣል። ይጠገን ወይስ ይለወጥ ሲባል ሁለቱ ተቃራኒ መንገዶች ይመስላሉ፤ በእውነቱ ግን አንዱ ሌላውን ይመግበዋል። አንድ ሸራ ከሥራ ካልተሰናበተ ሌሎቹ የሚጣፉበት ጨርቅ አይገኝም። የትልቅ ጀልባ ሸራ ጠርዙ አልቆ ሲወርድ መካከሉ ተቈርጦ ለትንሽ ጀልባ ሸራ ይወጣዋል፤ የተረፈው እራፊ ይሆናል፤ ለእራፊ የማይበቃው ደግሞ የፀሐይ መከላከያ ዳስ፣ የጭነት መሸፈኛ፣ የእጅ መጥረጊያ ሆኖ ያልቃል። ይህ የላሙ ብቻ ጠባይ አይደለም። በአውሮፓ ያረጀ የተልባ እግር ሸራ ለወረቀት ፋብሪካ ይሸጥ ነበር። በሰሜን ኖርዌይ ትሮንዴነስ በሚባል ሥፍራ በአንድ የመካከለኛ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ጣራ ሥር ነፋስ እንዳይገባ የተወተፈ የሱፍ ጨርቅ ተገኝቶ ሲመረመር የመርከብ ሸራ ቍራጭ መሆኑ ታውቋል፤ የሰሜን ሰዎች ሸራቸውን በሱፍ ይሠሩ እንደነበር ከሚያስረዱት ጥቂት ማስረጃዎች አንዱ ይኸው ነው። ነፋስ ሲይዝ የኖረ ጨርቅ በመጨረሻ ነፋስ ሲከለክል ተገኘ።

ስለዚህ ብዙ እራፊ ያለበትን ሸራ የሚያይ እንግዳ ሰው የሚፈርደው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ ስሕተት ነው። የደጋ ሰው ድሪቶ የሚለውን ያስታውስና የድህነት ምልክት ያደርገዋል፤ ጐብኚው ደግሞ ውበት አይቶበት ፎቶግራፍ ያነሣዋል። በመርከበኛ ዘንድ እራፊ ሌላ ነገር ይናገራል፤ ይኸውም አንድ የሚያውቅ ሰው ይህን ጨርቅ በእጁ ፈትኖ ገና መርፌ ይገባዋል ብሎ መፍረዱን ነው። እራፊ የሌለበት ሸራ ወይ አዲስ ነው፤ ወይም ሊጣፍ የማይችል ሆኗል።

ከመጠገንና ከመለወጥ ሌላ ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ይኸውም ሸራውን እንደ ዕድሜው በሥራ መመደብ ነው። በህንድ ውቅያኖስ የሚጓዙት ትላልቅ የዐረብ መርከቦች ነፋስ ሲበረታ ሸራውን አጥፎ እንደ ማሳነስ አንዱን አውርደው ሌላ ትንሽ ሸራ ይሰቅሉ ነበር፤ ስለዚህ አንድ መርከብ በመጠን የሚለያዩ ብዙ ሸራዎች ይዞ ይሄዳል። ይህ ልማድ ባለበት የትኛው ሸራ ይለወጥ የሚለው ጥያቄ ራሱ ፈተና ነው። ትልቁና የሚታየው ለቀላል ነፋስ የሚሰቀለው ነው፤ ሕይወት የሚያድነው ግን ትንሹ ነው። በ1930ዎቹ ዓመታት ከአውስትራልያ ወደ አውሮፓ ስንዴ ያመላልሱ የነበሩት የመጨረሻዎቹ ታላላቅ ባለ ሸራ መርከቦች ይህንኑ ብልሃት በሰፊው ይሠሩበት ነበር። ወደ ደቡቡ ማዕበላም ባሕር ከመግባታቸው በፊት ጥሩዎቹን ሸራዎች ይሰቅላሉ፤ ነፋሱ ወደሚላላበት የሐሩር ቀበቶ ሲደርሱ ደግሞ እነሱን ሁሉ አውርደው አሮጌዎቹንና የተጣፉትን ይለውጣሉ፤ በዚያ ፀሐዩ ስለሚበላና ነፋስ ያጣ ሸራ በምሰሶው ላይ እየተላተመ ስለሚያልቅ። እንዲህ ያለው መርከብ አዛዥ ሸራው አርጅቷል ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ ለየትኛው ነፋስ ነው ያረጀው ይላል እንጂ። ከሁሉም አጠያየቅ ይህ የተሻለ ይመስላል።

ፍርዱን የሚሰጠው ማን ነው? የስፌት ዕውቀት ያለው ፉንዲው፣ ሸራውን በባሕር ላይ ሲሠራ የሚያውቀው ናሆዳ የሚባለው የጀልባ አዛዥ፣ ገንዘቡን የሚያወጣው ባለቤቱ ነው። ሦስቱ አንድ ሰው ሲሆኑ ነገሩ በልብ ያልቃል፤ ሲለያዩ ግን ጥቅማቸው አንድ አይደለም። በ1930ዎቹ በኩዌት መርከቦች ከጠቅላላው ገቢ የስንቁና የመሳሰለው ወጪ ከተነሣ በኋላ ግማሹ ለመርከቡ፣ ማለት ለባለቤቱ፣ ግማሹ ለመርከበኞቹ ይከፋፈል ነበር። አውስትራልያዊው መርከበኛና ጸሐፊ ቪሊየርስ ከ1938 እስከ 1939 ከእነሱ ጋር ተጕዞ ኑሯቸውን በሰፊው ጽፏል። እንዲህ ባለ ሥርዓት ጨርቁ ከባለቤቱ ኪስ፣ ስፌቱ ከመርከበኛው ክንድ ይወጣል። ለባለቤቱ እንግዲህ ጥገና ከሞላ ጎደል በነፃ የሚገኝ ነው፤ ለመርከበኛው ግን ተጨማሪ ሥራና ተጨማሪ አደጋ ነው። ስለ አንድ አሮጌ ሸራ የሚነሣው ክርክር ስለ ጨርቅ ጥራት የሚደረግ መስሎ ቢሰማም፣ ከሥሩ ስለ ድርሻ የሚደረግ ሊሆን እንደሚችል ተመራማሪው መዘንጋት የለበትም። በሌላ በኩል ባለቤቱ ሁልጊዜ ቈጣቢ ነው ማለትም አይደለም፤ የፈጠነ ጀልባ ጭነት ቀድሞ ያገኛልና።

ጥያቄው እንደዚህ የከበደው ሸራ የሚገዛ ዕቃ ከሆነ ወዲህ ነው። ቀድሞ በላሙ አካባቢ ምቴፔ የሚባል ጀልባ ነበረ፤ ሳንቃዎቹ በብረት ሚስማር ሳይሆን በኮኮናት ቃጫ ገመድ የተሰፉ ነበሩ፤ ሸራውም ከዘንባባ ወገን ቅጠል የተጐነጐነ አራት ማዕዘን ምንጣፍ ነበረ። ምቴፔ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግድም መሠራቱ ቀርቷል። የቅጠል ሸራ ሲያረጅ ይሰባበራል፤ የደረቀ ቅጠል መርፌ ሲገባበት ይሰነጠቃል፤ መድኃኒቱ አዲስ መጐንጐን ነው፤ ቅጠሉ ደግሞ ከዚያው አገር ይቈረጣል። የጥጥ ጨርቅ ይህን ሁሉ ለወጠው። በ1833 የዩናይትድ ስቴትስ መንግሥትና የኦማንና የዛንዚባር ገዢ ሰይድ ሰዒድ የንግድ ውል ከተዋዋሉ በኋላ በማሳቹሴትስ የሴለም ከተማ ነጋዴዎች ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ በገፍ ወደ ዛንዚባር አመጡ። ጨርቁ በጠረፉ መሪካኒ ተባለ፤ በብዙ ሥፍራም እንደ ገንዘብ ሆኖ ይመነዘር ነበር፤ በኢትዮጵያ አቡጀዲ የሚባለው የዚሁ ወገን ነው። ከ1861 እስከ 1865 አሜሪካኖች እርስ በርሳቸው ሲዋጉ ጨርቁ ጠፋና ዋጋው ናረ፤ የእንግሊዝና የቦምቤይ ፋብሪካዎች ጨርቅም ቀስ በቀስ ቦታውን ያዘ። የጥጥ ሸራ ከዘንባባ ምንጣፍ ይልቅ ቀላል፣ ለቅርጽም የሚመች ነው፤ ነገር ግን ከሩቅ አገር ፋብሪካ በገንዘብ የሚመጣ ነው። መርፌና ትዕግሥት የሸራ ዕድሜ ማራዘሚያ መሆናቸውን ከዚህ የገበያ ታሪክ ለይቶ መመልከት አይቻልም። እራፊ የጥንት ልማድ ብቻ አይደለም፤ በከፊል የውጭ ንግድ ልጅ ነው።

ከሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ሁለት አዲስ ነገሮች መጥተዋል። አንደኛው ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው። ዊንፊልድና ዲክሰን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በ1941 ያገኙት ፖሊየስተር በ1950ዎቹ ወደ ሸራ ሥራ ገብቶ በአውሮፓና በአሜሪካ ጥጥንና የተልባ እግርን ከሞላ ጎደል አስወጥቷቸዋል። ሻጋታ አይበላውም፤ ብዙም አይለጠጥም። ፀሐይ ግን ቀስ በቀስ ትጨርሰዋለች፤ መጀመሪያ የሚበጠሰውም እንደ ጥጡ ሁሉ ስፌቱ ነው። አለመኰማተሩ የእራፊውን ችግር ያቃልላል፤ ክፋቱ ውጭው ሳይለወጥ ውስጡ ስለሚሞት ዓይንን ከጥጥ የበለጠ ማታለሉ ነው። በማዳጋስካር ምዕራብ ጠረፍ የቬዞ ዓሣ አጥማጆች ደግሞ ሸራቸውን ከሩዝና ከዱቄት ጆንያ ሲሰፉ ይታያሉ፤ የዛሬው የላስቲክ ጆንያ በፀሐይ ቶሎ ይንኰታኰታል፤ ግን ዋጋው ትንሽ ስለሆነ ስለ ጥገናው የሚጨነቅ የለም። ርካሽ ጨርቅ ባለበት የጥገና ክርክር ይሞታል፤ እንደ ምንጣፉ ዘመን ማለት ነው።

ሁለተኛውና የበለጠው ለውጥ ሞተር ነው። ከላሙ ይላክ የነበረው ዋና ጭነት ቦሪቲ የሚባለው፣ በባሕር ዳር ጨዋማ ጭቃ ላይ ከሚበቅለው ማንግሮቭ ዛፍ የሚቈረጥ የቤት መሥሪያ እንጨት ነበረ። የኬንያ መንግሥት በ1982 ይህ እንጨት ወደ ውጭ አገር እንዳይላክ ስለከለከለ የረጅም መንገድ ንግዱ ዋና ጭነቱን አጣ። በአካባቢው የሚመላለሱት ጀልባዎች ብዙዎቹ ሞተር አግኝተዋል፤ ሸራው ነዳጅ ለመቈጠብ፣ ለዓሣ ማጥመድና እንግዳ ለማንሸራሸር ይሰቀላል። ሞተር ላለው ጀልባ የሸራ መቀደድ የሞትና የሕይወት ጕዳይ መሆኑ ቀርቷል፤ ስለዚህ ሸራው ከሚገባው በላይ ሲጣፍ ይኖራል። ብቸኛው ልዩነት ላሙ እስካሁን በበዓላት የምታደርገው የጀልባ እሽቅድድም ነው። በዚያ ቀን የሚፈለገው የጨርቁ ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ ያ በትክክል የተሰጠ ሆድ ነው፤ የፉንዲው እጅም በሕዝብ ፊት የሚመዘነው ያን ጊዜ ነው።

ለቤተ መዘክር ዕቃ የሚሰበስብ ተመራማሪ ከዚህ ሁሉ የተለየ ጥያቄ ይገጥመዋል። በትራፋልጋር ጦርነት በኦክቶበር 21 ቀን 1805 የአድሚራል ኔልሰን መርከብ ቪክቶሪ የሰቀለችው አንድ ሸራ እስከ ዛሬ በእንግሊዝ አገር ተጠብቆ ይገኛል። በ1803 በቻተም የመርከብ ሥራ ቦታ የተሰፋ ሲሆን፣ 330 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ወደ 90 የሚሆኑ ቀዳዳዎችም አሉበት። ሥራ ላይ ያለ ሸራ ቢሆን ቀዳዳዎቹ ሁሉ በተጣፉ ነበር። አሁን ግን አንዱን ቀዳዳ መጣፍ የጦርነቱን ምስክርነት መሰረዝ ስለሚሆን ባለሙያዎቹ ጨርቁ የበለጠ እንዳይበላሽ ይጠብቁታል እንጂ አይሰፉትም። ይህ ለቪክቶሪ ሸራ የሚገባ ነው። ለላሙ ሸራ ግን ያንኑ ደንብ ተከትሎ የመጀመሪያውን ጨርቅ ከእራፊው ለይቶ ማክበር ዕቃውን አለማወቅ ነው፤ ከሌላ ጀልባ የመጣው እራፊ የሸራው አካል ነውና። ሸራ ሲመዘገብ የየእራፊው ጨርቅ ዐይነት፣ የስፌቱ ክር፣ ቢቻልም ከየትኛው ሸራ እንደተቈረጠ አብሮ ሊጻፍ ይገባል። ይህ ካልተደረገ በመስታወት ውስጥ የሚቀመጠው ድሪቶ ብቻ ነው።

ይህንንም ለማድረግ ጊዜው እያጠረ ነው። አዲስ ሸራ የሚያሰፋው ሰው ሲያንስ ከሥራ የሚሰናበተው አሮጌ ሸራም ያንሳል፤ አሮጌ ሸራ ሲያንስ ጥሩ እራፊ ይጠፋል። በዚህ ላይ በላሙ አሮጌ የጀልባ ሸራ እየገዙ የእጅ ቦርሳ የሚሰፉና ሥዕል የሚሥሉበት የእጅ ጥበብ ሠራተኞች ተነሥተዋል፤ ጐብኚዎችም ይገዟቸዋል። በዚህ የተነሣ ያረጀ ሸራ ዛሬ ሌላ ገዢ አግኝቷል፤ ባለቤቱም ሲያመዛዝን የአዲሱን ጨርቅ ዋጋ ብቻ ሳይሆን አሮጌው የሚያወጣውንም ሊቈጥር ይችላል። ቦርሳ ሰፊው የሚፈልገው ጨርቅ እንደ ጀልባ ጠጋኙ ሁሉ ባሕር ያለሰለሰውንና ገና ያልሞተውን የመካከሉን ክፍል ነው፤ ከተቻለም እራፊ ያለበትን።